ከኩሬው የጠራው ጋን

በዚያ ዓመት ጾም እንደ ገባ ኩሬያችን አረንጓዴ ሆነ፤ ሰዉም «እናትሽ በልታው ነው» አለኝ። ውሃ ይበላል እንዴ? ደሜ የፈላው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ይፈላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልንገራችሁ። ቤታችን ከአንኮበር ቁልቁል፣ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ከቤታችን በታች ከቋጥኝ ሥር የምትፈልቅ ቀጭን ምንጭ አለች። የቀድሞ ሰዎች ውሃዋን በድንጋይ ከበው ኩሬ አድርገውታል። ዙሪያውን ቄጠማና ደንገል ይበቅልበታል፤ ውስጡም ቅጠሉ የቀጠነ የውሃ ሣር ነበረው። ከዳር ሆነው ሲያዩት የሥሩ ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። የመንደሩ ከብት የሚጠጣው ከዚያ ነው፤ ከቆላ ጨው ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎችም በቅሏቸውን የሚያጠጡት ከዚያው ነው።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ንጉሡ አንኮበር ሳሉ ለግቢው የጠጅ ጋን የምትሠራ እሷ ነበረች። ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ገበያው ቀዘቀዘና ለመንደሩ እንስራና ድስት እየሠራች ነበር የምትኖረው። እኔም ከባሌ ተጣልቼ ወደ እሷ የተመለስሁት ያን ሰሞን ነው። ለምን እንደ ተጣላን አትጠይቁኝ፤ ጥፋቱ የሱ ነው።

ሸክላ ሠሪ በአገራችን ምን እንደምትባል የምታውቁ ታውቃላችሁ። በእንስራዋ ውሃ ይቀዳሉ፣ በድስቷ ወጥ ይሠራሉ፣ እሷን ግን ቡዳ ናት ይላሉ። ልጅ ካተኮሰው ዐይኗ ነው። ቅቤው አልወጣ ካለ ዐይኗ ነው። በመንገድ ስታልፍ የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ድስታቸው ሲሰበር ደግሞ በማለዳ በራችን ላይ ቆመው «እንዴት አደርሽ» ይላሉ። እናቴ ይህን ሁሉ በሳቅ ታሳልፈው ነበር። እኔ አልችልበትም፤ አፌም አያርፍልኝ።

ያን ዓመት ዝናቡ አጠረ። ለወትሮው የጥምቀት ልብስ የሚታጠበው ከታች ከወንዙ ነበር። ወንዙ ስለ ቀጠነ ግን የመንደሩ ሴት ሁሉ እንዶዱን ወቅጦ ወደ ኩሬያችን ወረደ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አይደል የሚባለው? ቀሚሱም፣ ነጠላውም፣ ጋቢውም እዚያው ተረገጠ። የእንዶዱ አረፋ እንደ ተገፋ ወተት ኩሬውን ሸፈነው። ሳቁና ጨዋታው ሌላ ነበር፤ በዚያ ቀን እናቴን የሸሸ ሰው አላየሁም።

በማግስቱ የኩሬው ዳር በቀንድ አውጣ ቅርፊት ነጣ። ጅራታሞቹ የእንቁራሪት ልጆችም ሆዳቸውን ለሰማይ ሰጥተው ተንሳፈፉ። እናቴ በገል እየዛቀች ስትጥል አንዲት ጎረቤት «ለቀንድ አውጣ ተዝካር ልታወጪ ነው?» አለቻት። ተሳሳቅን፤ ነገሩም ተረሳ።

ጾሙ ሲገባ ፀሐዩ በረታ። መጀመሪያ ድንጋዮቹ አንሸራተቱን። ሲነኳቸው እንደ ተልባ የሚሙለጨለጭ አረንጓዴ ነገር ለብሰዋል። ቀጥሎ ከድንጋዩ ላይ ጠጉር ወጣ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ውሃው ሲነቃነቅ አብሮ የሚነቃነቅ። «የውሃ ጠጉር» አልነው። ያ ጠጉር በቄጠማው ሥር ተጠመጠመ፣ የውሃውን ሣር አነቀው፣ ሣሩም ቢጫ ሆኖ በሰበሰ። በመጨረሻ ፊቱ ላይ እንደ ስልባቦት ያለ አረንጓዴ ቆዳ ጣለበትና ሽታው ቤት ድረስ መጣ። በቅሎዎቹ አፋቸውን አስጠግተው ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር።

የጭቃ ሹሙ ጥጃ የሞተው በዚያ መካከል ነው። ጭቃ ሹሙ የመንደሩ ሹም ነው፤ ግብር ይሰበስባል፣ የወሰን ጠብ ይዳኛል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉዋ ሚስቱ ነበረች። ጥጃው ከኩሬው ጠጥቶ ተነፍቶ ወደቀ። ሴትዮዋ ከሬሳው አጠገብ ቆማ ወደ ቤታችን እያየች «ከብት ጠገበችና ውሃ ጀመረች» አለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በየቤቱ ገባ።

ጭቃ ሹሙ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መጣ። አልተቀመጠም። እናቴ እጇ ጭቃ እንደሆነ ተነሣችለት።

«እኔ አንቺን ቡዳ ነሽ አልልም» አላት፤ «ሰው ግን ይላል። እስከ ፋሲካ ውሃው እንደ ቀድሞው ካልሆነ ዕቃሽን ጫኚና ወደ ቆላ ውረጂ። ከዚያ በኋላ ቤትሽን ቢያቃጥሉት ማገጃ የለኝም።»

«ጌታዬ፣ አፈሩ እኮ ያለው እዚህ ነው» አለች እናቴ።

እውነቷን ነው። ሲተኮስ ብዙም የማይሰነጠቅ ያ ቀይ ሸክላ አፈር ከኩሬው በላይ ካለው ገደል ነው የሚቆፈር። ሌላ ቦታ የሚገኝ መሆኑን አታውቅም። ያለ አፈሩ ምን ሠርታ ትበላለች? ቆላ ወርዳ በወባ ትሞታለች እንጂ። እሱ ከሄደ በኋላ ቁጭ ብላ የጀመረችውን እንስራ አንገት ጨረሰች። ጠማማ ሆነ። እናቴ ጠማማ አንገት ሠርታ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ፈራሁ።

በማግስቱ ቀሚሴን ወደ ላይ ሸብ አድርጌ ኩሬው ውስጥ ገባሁ። ባላ እንጨት ይዤ የውሃውን ጠጉር እንደ ፈትል እየጠቀለልሁ አወጣሁት። ከዳር የቆለልሁት ክምር እስከ ወገቤ ደረሰ። ኩሬው ለጊዜው ፈካ ሲል «ይኸው!» ብዬ ፎከርሁ። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም ብሶ። እንደገና ገባሁ፣ እንደገና ነቀልሁ፣ እንደገና ወጣ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው። ሰዉ ከመንገድ ቆሞ ያየኛል። «የበላችውን ልታስተፋት ነው» ሲሉ እሰማለሁ። አንዷን በጭቃ ወርውሬአታለሁ፤ አልደብቅም።

እናቴ ግን ሌላ ነገር ታይ ነበር።

በጓሯችን አንድ ጋን ነበረን። ስትተኩሰው አፉ የተሰነጠቀባት ነው፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ የተበላሸው የሷ ድርሻ ነው። እስከ ግማሹ መሬት ውስጥ ቀብራ ከኩሬው ቀድታ ሞልታዋለች፤ ስትሠራ እጇን የምታርስበት ነው። ከኩሬው የመጣ ቄጠማ ሥር ይዞበታል፣ የውሃው ሣርም በቅሎበታል፣ ቀንድ አውጣና የእንቁራሪት ልጅም አልጠፋበትም። ፀሐይ ከጧት እስከ ማታ ይመታዋል። አንድ ቀን ጠራችኝና «እስቲ ጎንበስ በይ» አለችኝ። ጎንበስ አልሁ። እስከ ሥሩ ይታያል። ሣሩ ለምለም ነው። በጋኑ ግድግዳ ላይ ቀንድ አውጣዎቹ እየተንፏቀቁ፣ ያለፉበት ሁሉ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ነበር።

«ውሃው ያው ነው» አለች፤ «ፀሐዩም ያው ነው። እዚህ ያሉት እዚያ የሌሉት እነዚህ ናቸው።»

ከኩሬው አንድ እፍኝ የውሃ ጠጉር አምጥታ ቀንድ አውጣ ባለበት ገል ውስጥ ከተተችው። በሌላ ገል ደግሞ ጠጉሩን ለብቻው አደረገችው። ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻቸው። እየዋለ እያደረ በመጀመሪያው ገል ያለው ጠጉር እየተመናመነ ሄደ፤ ለብቻው የሆነው እንደ በግ ጠጉር ወፈረ። ያን ጊዜ ነው የጥምቀት ማግስት ያ ነጭ ቅርፊት ትዝ ያለኝ። ለእናቴም ከኔ ቀድሞ ትዝ ብሏት ኖሮ ከጥምቀት የተረፈ እንዶድ ይዛ መጣች። ከአረፋው ጥቂት በሦስተኛ ገል አደረገችና አንድ የእንቁራሪት ልጅ ጨመረችበት። ተወራጨ፣ ተገለበጠ፣ አበቃለት። ቀንድ አውጣውም ወደ ቅርፊቱ ገብቶ አልወጣም፤ በማግስቱ ሸተተ።

ውሃውን ያረከሱት ራሳቸው ናቸዋ! ጠጉሩን ሲግጡ የሚያድሩትን ፍጥረቶች በእንዶድ ፈጅተው ሲያበቁ እናቴን ቡዳ ይላሉ። ነጠላዬን አንሥቼ ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ልሮጥ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ማን ያምንሻል? ቆይ፣ ላስብበት» አለች። ለማሰብ ግን ጊዜ አላገኘንም።

የጭቃ ሹሙ ሚስት ለፋሲካ የዶሮ ወጥ ድስት አዝዛን ነበር። አዎ፣ ቡዳ ናት እያለች ድስቷን ከዚያችው ቡዳ ታሠራለች። ልትወስድ መጣች። እኔ ድስቱን ላመጣ ስገባ እሷ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ጋኑን አየችው። ስወጣ ከጋኑ አፍ ላይ ጎንብሳ አገኘኋት። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«የኛ ሲበሰብስ የናንተ እንደ ጠበል ጠርቷል?» አለች ቀስ ብላ። «የውሃችንን ነፍስ ወስዳ እዚህ ነው የደበቀችው!»

«እሜቴ፣ ልንገርዎ፣ በእንዶድ ነው፣ ቀንድ አውጣዎቹ...» አልሁ። ማን ሊሰማ! ድስቱን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። እናቴን የሚያድናት ያ ጋን ብቻ ነው ስል፣ የሚያስፈርድባት እሱ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ኩሬው ስወርድ የሚያናግረኝ ጠፋ። አንድ ማለዳ ደግሞ የማቃጠያ ማገዷችን ተበታትኖ፣ ሊተኮሱ የተደረደሩት እንስሮች ተረጋግጠው አገኘናቸው። እናቴ ጭቃውን ለቅማ እንደገና አቦካችው። እኔ አለቀስሁ፤ በንዴት ነው ያለቀስሁት።

ሆሳዕና ቀረበ። በሰሙነ ሕማማት ሰው ሁሉ ለስግደት ስለሚሄድ የፋሲካ ልብስ ከዚያ በፊት ነው የሚታጠብ። ከበራችን ሆኜ አየሁ፤ ሴቶቹ በቅርጫት እንዶዳቸውን፣ በጀርባቸው ልብሳቸውን ይዘው እየወረዱ ነው። ከፊት ያቺው የጭቃ ሹሙ ሚስት። በአረንጓዴው ውሃ እንዴት ሊያጥቡ ነው? ለካስ ከምንጯ አፍ፣ ጥሩው ውሃ ከሚገባበት ሊረግጡት ነው። ያቺ አንዲት ቦታ ነበረች የቀረችን። የተረፉ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ያሉትም እዚያ ነው።

ሮጬ ከምንጯ አፍ ላይ ተጋደምሁ። መቆም አልበቃኝም፤ ተጋደምሁ።

«ተነሺ» አለችኝ።

«በላዬ ላይ እጠቡ» አልሁ።

ጩኸቱን ሰምቶ ጭቃ ሹሙ መጣ። ሁሉንም አንድ ላይ ለፈለፍሁለት፤ ጥምቀቱን፣ ቅርፊቱን፣ ገሎቹን። እየሰማኝ ወደ ሚስቱ ያያል። እሷም «የራሷን ውሃ አጥርታ የኛን ያቆሸሸችው በምኗ ነው? ጋኑን ሄደህ እይ» አለችው። ያን ጊዜ እናቴ ጋኑ ካለበት ጓሮ መጣች። በእጇ ሰፊ ገል ይዛለች። በገሉ ውስጥ ከጋኑ የቀዳችው ጥሩ ውሃ፣ የእንቁራሪት ልጆችና ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ከልጆቹ መካከል የአንዱን ዐይን እናቱ በእጇ ስትከድን አየሁ።

እናቴ አየቻት። ከዚያ ያደረገችውን እስክሞት አልረሳውም። ጀርባዋን ለገሉ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣለች፤ ፊቷን እስከ አንገቷ ሸፈነች።

«ዐይኔ የለበትም» አለች ከነጠላው ሥር። «እሜቴ፣ በራስዎ እጅ፣ በራስዎ እንዶድ፣ ጥቂት ጠብ ያድርጉበት። ሌላ አልለምንም።»

ሴትዮዋ ባሏን አየችው። ባሏ «አድርጊው» አላት። ከቅርጫቷ ቆንጥራ በእጇ አሸችና አረፋውን ከገሉ ውስጥ ጠብ አደረገች። ሁሉም ጎንበስ አለ። የእንቁራሪት ልጆቹ መጀመሪያ ተራወጡ። ቀጥሎ አንዱ ተገለበጠ፣ ሌላው ተከተለው። ቀንድ አውጣዎቹ ከገሉ ግድግዳ ለቀው ወደ ሥር ወደቁ። እናቴ ከነተሸፈነች ተቀምጣለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከኋላ አንዲት ሴት «ሳታይም ትገድላለች» ብላ አንሾካሾከች። ልነሣባት ስል ጭቃ ሹሙ ዱላውን በፊቴ ዘረጋ።

«ልብሳችሁን ከወንዙ እጠቡ» አለ። «ውሃው ቢቀጥንም ከወንዙ። እዚህ እንዶድ የሚያመጣ ከኔ ጋር ነው ጠቡ።» ወደ እናቴ ዞሮም «የፋሲካው ቀጠሮ እንዳለ ነው» አላት።

አመነን? እኔ እንጃ። ሰዎቹ ግን ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብቻ ነው። ጠጉሩን በባላ እየጠቀለልሁ ከኩሬው ራቅ አድርጌ ጣልሁት፤ ከዳር ከተከመረ ብስባሹ ተመልሶ ውሃውን ያበላሸዋል ብላ እናቴ ከለከለችኝ። የጋኑን ቀንድ አውጣ ለቅመን፣ ጥቂቱን ለዘር አስቀርተን፣ ሌላውን በኩሬው ውስጥ በየድንጋዩ ሥር አደረግነው። ከብቱ እየገባ ኩበቱን እዚያው ይጥል ስለነበር ዙሪያውን በእሾህ አጠርን፤ ለከብቱ ከኩሬው በታች፣ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ በድንጋይና በጭቃ ሠራንለት። የሞተውን ሣር ነቅለን ከጋኑ ለምለሙን ተከልን። ፀሐይ በሚበዛበት በኩል ደንገል ጨመርን። እጄ በእሾህ ተቦጫጨቀ፤ የእናቴ ወገብ ተቆረጠ።

ፋሲካ ደረሰ፤ ውሃው ግን ገና አልጠራም። ከምንጯ አፍ አካባቢ ጠጠሩ መታየት ጀምሯል፤ ወዲያ ማዶው አሁንም አረንጓዴ ነው። ጭቃ ሹሙ ከቅዳሴ ሲመለስ ነጭ በነጭ ለብሶ ከኩሬው ዳር ቆመ። እኛ ከበራችን እናየዋለን። እናቴ ዕቃዋን ቋጥራ ጨርሳለች፤ ለመጫኛ የምትሆን አህያም ለምነናል። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። እጁን ከትቶ አንድ ድንጋይ አወጣና በአውራ ጣቱ አሸው። ከዚያ ድንጋዩን መለሰና እኛን ቀና ብሎ ሳያይ ሄደ። እናቴ ቋጠሮውን ፈታችው።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ለመስቀል ውሃው የድሮው ውሃ ሆነ፤ በቅሎዎቹም ያለ ሙግት ይጠጣሉ። እኔ ሞኟ ሰዉ በር ድረስ መጥቶ «አስቀየምንሽ» የሚላት መስሎኝ ነበር። የሚሉት ሌላ ሆነ። «ስትፈራ መለሰችው» አሉ። «ያሰረችውም እሷ፣ የፈታችውም እሷ። ይኸው፣ ሹሙ ቢቆጣት ጊዜ ለቀቀችው።» ውሃው በጠራ ቁጥር የእናቴ ቡዳነት እየጸና ሄደ። ይህን ከገበያ ሰምቼ ስመጣ እሳት ጎርሼ ነበር፤ በየቤቱ እየዞርሁ ቀንድ አውጣውን በየፊታቸው ልደቅን ነው።

እናቴ እንስራ እያለሰለሰች ነበር። እጇን አላቆመችም።

«ተዪያቸው» አለች። «ያዳነው ቀንድ አውጣ ነው ብትያቸው ይስቁብሻል፤ ለጥምቀት እንዶዳቸውን ይዘው ተመልሰው ይመጣሉ። ለቀንድ አውጣ ብሎ ወንዝ ድረስ የሚወርድ ሰው የለም። የኔን ዐይን ግን ይፈራሉ።»

የጥምቀት ዋዜማ ሰሞን ደረሰ። ያን ዓመትም ወንዙ ቀጭን ነበር። ሴቶቹ ልብሳቸውን ተሸክመው፣ እንዶዳቸውን ይዘው በመንገዱ ሲወርዱ እናቴ በርጩማዋን አንሥታ ወጣች። ከምንጯ አፍ አጠገብ ተቀመጠች። በዚህ ጊዜ ፊቷን አልሸፈነችም፤ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ የሚመጡትን አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። የፊተኛዋ ቆመች። የልጇን ፊት ሸፈነች። ከዚያ ሁሉም ቁልቁል ወደ ወንዙ መንገድ ታጠፉ።

ከኋላዋ ቆሜ ስለነበር ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ። እየሳቀች መስሎኝ አብሬያት ልስቅ ዞሬ ፊቷን አየሁት። እያለቀሰች ነበር፤ ዐይኗን ግን ከመንገዱ አልነቀለችም።

እሷ ካረፈች ቆየ። የበዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር በርጩማውን ይዤ የምወርደው አሁን እኔ ነኝ። ሴቶቹ ያዩኛል፣ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ፣ ወደ ወንዙ ይታጠፋሉ። እነሱ ሲርቁ ጎንበስ ብዬ ቀንድ አውጣዎቹን አያለሁ፤ ደኅና ናቸው።